ሰባት ፊልም፣ ዐሥራ ዘጠኝ ደቂቃ

ሻሺቱ ኤርጫፎ በሰባት ፊልሞች ውስጥ ታይታለች። ሁሉንም በቪሲዲ ገዝቼ፣ ሰዓቴን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጬ፣ እሷ የምትታይበትን ጊዜ አንድ በአንድ መዝግቤያለሁ። ፊቷም ጀርባዋም ተደምሮ ዐሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ነው። ሰባቱ ደቂቃ የአንድ ፊልም ሲሆን የቀረው ለስድስቱ ተከፋፍሏል። በሦስቱ መጨረሻ ላይ ስሟ የለም። በአንዱ «የመንደር ሴቶች» ከሚለው ሥር ከሌሎች ዐሥራ አንድ ሰዎች ጋር ተጽፏል። አርባ ምንጭ ውስጥ እንኳ አብዛኛው ሰው የሚያውቃት በዓሣ ለብለቧ ነው። በታችኛው ሰፈር በሲቀላ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው ቤቷ ከጫሞ ሐይቅ የወጣ ቆሮሶ ዓሣ ከዳጣ ጋር ይበላል። ባለቤቷ ዳልጮ ያጠምዳል፣ አማቷ እማማ ወለቴ ቅርፊቱን ይፍቃሉ፣ እሷ ትጠብሳለች።

እኔ በላይኛው ሰፈር በሴቻ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ስለ ፊልም የተማርኩት ነገር የለም። ሥራውን እንደ ሻሺቱ አክብሮ የያዘ ተዋናይ ግን አላየሁም፤ የምጽፈውም ስለዚህ ነው።

የመጀመሪያው በ1996 ዓ.ም. ነበር። በዚያን ጊዜ በትንሽ ቪዲዮ ካሜራ ፊልም መሥራት እየተለመደ መጥቶ ነበር። ክብሩ የሚባል ዳይሬክተር የሽፍታ ፊልም ሊሠራ ከአዲስ አበባ መጣ። የሽፍታ ፊልም ማለት ያው ነው፤ ጠመንጃ፣ ፈረስ፣ ገደል፣ የሚቃጠል ጎጆ፣ በደም የሚፈላለጉ ወንድማማቾች። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ሜዳ ላይ ሰፈረና ፈረሶቹን ከደጋ አስመጣ። ያላወቀው ነገር ቢኖር የደጋ ፈረስ ቆላ ወርዶ ብዙ እንደማይቆይ ነው፤ ገንዲ የሚባለው በዝንብ የሚመጣ በሽታ ይጥለዋል። ባለፈረሶቹ በአራተኛው ቀን እንመለሳለን አሉ። ዋናዋ ተዋናይት ደግሞ ፈረስ ላይ በወጣች ቁጥር ዓይኗን ትጨፍናለች።

ቡድኑ ሲቀላ ወርዶ ዓሣ እየበላ ይህን ሲማረር ሻሺቱ ሳህን እያነሳች ሰማች።

«ፈረስ የሚጋልብ የምትፈልጉት ወንድ ነው ሴት?» አለች።

«ሴት» አለ ክብሩ።

«እስከ ስንት ሰዓት? ከሰዓት በኋላ እንግዳ አለብኝ።»

ሁሉም ሳቁ። ባለቤቴ ይፍሩ ከጎናቸው ምሳውን እየበላ ነበር። እሱ የውኃ ምህንድስና አስተማሪ ነበር፤ ዓሣ ደግሞ ከሻሺቱ ቤት ሌላ የትም አይበላም። «አትሳቁ፣ የካምባ ልጅ ናት» አላቸው። ይህን ያወራልኝ እሱ ነው።

የካምባ ልጅ መሆኗ ብቻ አልነበረም። አባቷ አቶ ኤርጫፎ በካምባ ደጋ በፈረሳቸው የታወቁ ናቸው፤ ወንድ ልጅ ግን አልነበራቸውም። ሻሺቱ ፈረሱን ውኃ ልታጠጣ ትወስድና ከሰው ዓይን ስትርቅ ያለ ኮርቻ ትጋልበው ነበር። ዐሥራ አራት ዓመቷ ላይ አባቷ አዩአት። አልመቷትም። በማግሥቱ ኮርቻውን ራሳቸው ጫኑላትና «ካልቀረ በወጉ» አሏት።

በመጀመሪያው ፊልም የምትታየው ለዐሥራ አንድ ሰከንድ ነው። የዋናዋን ተዋናይት ነጠላ ተከናንባ ከጀርባ ስትጋልብ እናያለን። ፊቷ የለም። ግን ፈረሱ ደረቅ ወንዝ ሲዘል ሰውነቷ ከፈረሱ ጋር አብሮ የሚሄድበትን መንገድ ያየ ሰው፣ ቀጥሎ ፊቷ በቅርብ የሚታየው ሴት ሌላ መሆኗን ያውቃል።

ከዚያ በኋላ ክብሩ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሻሺቱ የት ናት?» ብሎ ነው። በሁለተኛው ፊልም በጥይት ተመትታ ከፈረስ ትወድቃለች። አወዳደቅን ለብቻዋ ተለማምዳለች፤ ጫሞ ዳር አሸዋ ላይ፣ ዳልጮ የያዘው አህያ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን ከእርካብ ቀድሞ ማውጣትን፣ በትከሻ ማረፍን። ዳልጮ ይህን ሲያወራ እስከ ዛሬ ይስቃል። «አህያው ራሱ በመጨረሻ ሲደክመው መውደቅ ጀመረ» ይላል። በሦስተኛው ፊልም ለሽፍቶች ውኃ ትሰጣለች። በአምስተኛው ጭንቅላቷ ላይ ጭድ ተሸክማ በሩቅ ታልፋለች። ሰባተኛው እዚህ ከምናገረው ሁሉ በኋላ የመጣ ነው።

አራተኛውን ለብቻው መናገር እፈልጋለሁ። እዚያ ሽፍቶች መንደር ያቃጥላሉ፤ ዐሥራ ሁለት ሴቶች ከጎጆ እየጮሁ ይወጣሉ። ሻሺቱ ከመቀረጹ በፊት ክብሩን ጠየቀችው።

«ይህች ሴት ጠዋት ምን ስትሠራ ነበር?»

«የቷ ሴት?»

«እኔ የምሆናት።»

«ሻሺ፣ ስምንት ሰከንድ ነው የምትታየው። ሮጠሽ ትወጫለሽ፣ አለቀ።»

«ጠዋትማ ነበራት» አለች። ሄዳ ከአንድ ገበሬ ጓሮ እንሰት ስትፍቅ አረፈደች። በፊልሙ ውስጥ ዐሥራ አንዱ ሴቶች ነጭ በነጭ ለብሰው፣ እጃቸው ንጹሕ ሆኖ ይሮጣሉ። ዐሥራ ሁለተኛዋ እጇ እስከ ክርኗ በእንሰት ተለቅልቋል፤ በቀኝ እጇ የመፋቂያው ቀርከሃ ቀርቷል፤ መጣሉን ረስታዋለች። ያን ቀርከሃ ያየ ሰው ቤቱ በእውነት እንደተቃጠለ ያምናል።

ይፍሩ በኅዳር 2000 ዓ.ም. አረፈ። ሻሺቱ ቤቷን ሦስት ቀን ዘግታ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠች፤ አንድም ቃል አልተናገረችኝም። ወዳጅነታችን ከዚያ ነው።

ስድስተኛው ፊልም በ2002 ዓ.ም. መጣ። ክብሩ ሊነግራት የመጣ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ እኔም ቤቷ ነበርኩ። ክብሩ ወረቀት ዘርግቶ ሻሺቱን ፊት ለፊቱ አስቀመጣት።

«በዚህኛው መውደቅ የለም» አላት። «የሽፍታው ሚስት ነሽ። ስም አለሽ፣ ንግግር አለሽ፣ ፖስተር ላይ ትወጫለሽ።»

ሻሺቱ እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ደጋግማ ጠረገች። በስድስት ዓመት ውስጥ ለፊልም ሰዎች ምንም ለምና አታውቅም፤ በዚያች ሰዓት ግን ምን ያህል ስትጠብቀው እንደኖረች ከእጇ አየሁ።

«ጓደኞቹ ፈረሱን ባዶውን ይዘው ይመጣሉ» ብሎ ክብሩ ቀጠለ። «አንቺ ፈረሱን ስታይ ይገባሻል። ከዚያ አራት ደቂቃ ለቅሶ ነው። ጩኸት፣ ደረት መምታት፣ ፀጉር መንጨት፣ መሬት ላይ መንከባለል። ፊልሙ የቆመው በዚያ ላይ ነው።»

እጇ ቆመ።

በጋሞ ደጋ ጎሜ የሚባል ነገር አለ። የተከለከለን ነገር ማድረግ ነው፤ ጥፋቱ ደግሞ በአድራጊው ላይ አይቀርም። ዝናቡን፣ ከብቱን፣ የጎረቤትን ሕፃን ይነካል ይባላል። በእነ ሻሺቱ አገር ላልሞተ ሰው የለቅሶ ጩኸት መጮህ ከዚያ ይቆጠራል። ባሏ ደግሞ በየማለዳው ጉማሬና አዞ በሞላው ሐይቅ ላይ ታንኳ ይቀዝፋል።

«እኔን ነው እንዴ የምትገድሉኝ?» አለ ዳልጮ መረቡን እየፈታ።

«አንተን አይደለም፤ ባሏን ነው» አለ ክብሩ።

«ታዲያ ባሏ ማነው?»

ዳልጮ ወደ እኔ ዞረ። «ቲቸር፣ እኔ ግን ታልቅስ ባይ ነኝ። ከሞትኩ በኋላ አልሰማውም። አሁን በደህናዬ ልስማው፤ ጨው ካነሰው ጨምሪበት እላታለሁ።»

«አፍህን አዞ ይብላው» አሉት እማማ ወለቴ ከቅርፊታቸው ቀና ብለው። ከዚያ የተናገሩትን ሲሰሙ ራሳቸው ደነገጡና ቢላውን አስቀምጠው መሬት ላይ ሦስት ጊዜ እንትፍ አሉ።

«አልጮህም» አለች ሻሺቱ ለክብሩ። «ሌላ ነገር ላድርግ። ሐዘኗን አሳይሃለሁ፣ ሳልጮህ።»

«ሻሺ፣ ባሏ ሞቶ የማትጮህ ሴት እስቲ አንድ አሳዪኝ።»

ክብሩ አያውቅም እንጂ ሌሎቹ ያውቃሉ፤ ሁሉም ወደ እኔ ላለማየት ሳህናቸውን ያዩ ጀመር። እኔም ሻዬን ጨረስኩ።

«ዮርዳኖስ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ትገባለች» አለ ክብሩ ወረቀቱን እያጠፈ። ዮርዳኖስ የፊልሙ ሌላዋ ተዋናይት ናት። «ካልቻልሽ እሷ ትሠራዋለች። እስከ ነገ ወስኚ።»

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሻሺቱ በራፌ ላይ ቆማ ነበር። ዓሣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ይዛለች። ገብታ ተቀመጠች።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከከፋሽ አትመልሺልኝ።»

«ጠይቂ።»

«ያን ጠዋት አልጮህሽም። ሰው አወራ። እኔ አላወራሁም።»

«አውቃለሁ።»

«ልብሽን አይደለም የምጠይቅሽ። እሱ የራስሽ ነው። እጅሽን ነው። እጅሽ ምን ሠራ?»

ለእህቶቼ ያልነገርኩትን ነው የጠየቀችኝ። ግን እንደ ባለሙያ ነው የጠየቀችኝ፤ የሽመና ሰው ስለ ክር እንደሚጠይቅ። ለዚህ ይመስለኛል የመለስኩላት።

ያን ዕለት ይፍሩ ሌላ ቦታ አድሮ ነበር፤ ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ስምንት ሰዎች ጋቢ ለብሰው ቆመዋል፤ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ከፊት ነው። በዚያ ሰዓት ስምንት ሰው ጋቢ ለብሶ ለሌላ ነገር አይመጣም። ግቡ አልኳቸው። አምስት ወንበር ነበረኝ። አምስቱ ተቀመጡ፣ ሦስቱ ቆሙ። እኔ ወጥቼ ጎረቤቴን ሦስት ወንበር አውሺኝ አልኳት። እንግዳ ነው ስትለኝ አዎን አልኩ። ሁለቱን በሁለት እጄ ይዤ ገባሁ፤ ተመልሼ ሦስተኛውን አመጣሁ። ሁሉም ከተቀመጡ በኋላ ለእኔ እንደሌለ አየሁና ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ያኔ ነገሩኝ።

ሻሺቱ አንገቷን ደፍታ ሰማች። አላለቀሰችም፤ እጄንም አልያዘችም።

«ወንበሮቹን ስታመጪ ቸኮልሽ ወይስ ቀስ አልሽ?»

«ቀስ አልኩ።»

«ለምን?»

«ወንበሩ እስኪሞላ አይናገሩም።»

ይህን ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች፤ ልክ አንድ ነገር በቦታው እንዳስቀመጠ ሰው። ከዚያ «እንድወስደው ትፈቅጂልኛለሽ?» አለችኝ።

«ውሰጂው። የማን እንደሆነ ግን ለማንም አትናገሪ። ለዳልጮም ቢሆን።»

«ለማንም» አለች።

ክብሩ በመጨረሻ የተስማማው ከንፈሩን ነክሶ ነው። መጀመሪያ እንደ እሷ ይቀረጻል፤ ካልሆነ ዮርዳኖስ ሚስትየዋን ሆና ትጮሃለች። ቀረጻው ማክሰኞ ዕለት የጨንቻ መንገድ ደጋውን በሚይዝበት ቦታ ተደረገ፤ ክብሩ ስለ ገንዲ ተምሮ ነበር። እኔ አልሄድኩም። ዳልጮ ነው ሄዶ ያየው፤ በኋላ ደግሞ እኔ በፊልሙ ላይ አየሁት፤ የሁለታችን አንድ ነው።

ሰባት ሽፍቶች በፈረስ ሆነው ስምንተኛውን ፈረስ ባዶውን እየሳቡ ይመጣሉ። ከሰባቱ አምስቱ ተዋንያን አይደሉም፤ ለፈረሶቻቸው ሲሉ አብረው የመጡ የጨንቻ ገበሬዎች ናቸው። ሻሺቱ ከጎጆው ትወጣለች። ባዶውን ፈረስ ታያለች። ልጓሙን ትይዝና አንገቱን ትዳስሰዋለች። ጠፍሩን ፈታ ኮርቻውን አውርዳ መሬት ላይ ታስቀምጣለች። ከዚያ ወደ ቤት ትገባና በርጩማ ይዛ ትወጣለች። በመጀመሪያው ፈረስ እግር ሥር ታስቀምጠዋለች። ተመልሳ ትገባለች።

በጽሑፉ መሠረት ሽፍቶቹ እስከ መጨረሻው ከፈረስ አይወርዱም። ክብሩ ይህን አጥብቆ ነግሯቸው ነበር። ግን ሁለተኛው በርጩማ ሲመጣ አንዱ ሽማግሌ ገበሬ ፊልም መሆኑን ረሳው። መቀመጫ የቀረበለት ሰው ፈረስ ላይ ሆኖ መቅረት አይችልም፤ በእሱ አገር ነውር ነው። ወረደና ተቀመጠ። ሌላው ተከተለው። ሁለቱ የአዲስ አበባ ተዋንያን ግራ ተጋብተው ዳይሬክተራቸውን እያዩ እነሱም ወረዱ። ክብሩ ለማስቆም እጁን አነሳ። ካሜራ ያዡ አላየውም፤ ወይም አላየሁም ብሎ ነው። ሻሺቱ አምስተኛውን አመጣች፣ ስድስተኛውን፣ ሰባተኛውን። አልቸኮለችም። ሁሉም ሲቀመጡ ከፈረሱ ጎን ቆመች።

«እሺ፣ አሁን ንገሩኝ» አለች።

ይህ ጽሑፉ ላይ የለም። መልስ የተጻፈለትም ሰው የለም። ሽማግሌው ገበሬ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና መሬት መሬት አየ። እዚያ ላይ ይቆረጣል።

ዳልጮ እንደነገረኝ፣ ዮርዳኖስ ከጃንጥላዋ ሥር ተነሳችና ክብሩን «ለእኔ የመመለሻ ትኬት ቁረጥልኝ» አለችው። «ለምን?» ሲላት «ከዚህ በኋላ ብጮህ ሰው ይስቅብኛል» አለችው። ከዚያ ሄዳ ሻሺቱን ሳመቻት። ስለ ዮርዳኖስ ከዚያ ወዲህ ሰዎች ብዙ ያወራሉ፤ እኔ የማውቀው ይህን ነው።

ፊልሙን ያየሁት ሲቀላ በአሞጽ ቪዲዮ ቤት፣ እሑድ ከቀትር በኋላ ነው። ሰባተኛው በርጩማ ሲወጣ ስክሪኑን ማየት ትቼ ሰዉን አየሁ። ማንም አላለቀሰም። ከጎኔ ሽምብራ የሚቆረጥም ሰው መቆርጠሙን አቁሞ እፍኙን እንደያዘ ቀርቷል። ባጃጅ አልያዝኩም፤ ሴቻ ድረስ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ክረምት በካምባ ደጋ በረዶ ወረደና የአቶ ኤርጫፎን መንደር ገብስ አነጠፈው። ለምን ሆነ ተብሎ ሲጠየቅ፣ የኤርጫፎ ልጅ ባሏ በሕይወት እያለ በፊልም ሙሾ አውርዳለታለች የሚል ወሬ ተነሳ። ያወራው ሰው ፊልሙን አላየም፤ ፖስተሩን ብቻ ነው ያየው። ሽማግሌዎች ጎሜው ተጣርቶ እስኪነጻ ድረስ የአባቷን ደጃፍ እንዳትረግጥ አሉ። አቶ ኤርጫፎ ደግሞ ከነሐሴ ጀምሮ አልጋ ላይ ነበሩ። ሻሺቱ ሁለት ጊዜ ካምባ ሄዳ ሁለቴም አጥሩ ላይ ቆማ ተመለሰች። ሳላቸው ውጭ ድረስ ይሰማል አለችኝ።

ጥፋቱን ብታምን በግ ታርዶ፣ ተመርቃ፣ ይቀርላት ነበር። አማቷም እንደዚያ መከሯት። «እመኚና ግቢ፤ አባትሽ ሊያመልጡሽ ነው።»

«ያላደረግሁትን እንዴት ልመን?» አለች ሻሺቱ። «አልጮህኩም እኮ።»

በመጨረሻ አቶ ኦይታ የሚባሉት የሽማግሌዎቹ አንጋፋ፣ ባላየነው አንፈርድም የሚል መልእክት ላኩ። ስለዚህ በጥቅምት 2004 ዓ.ም. ባለ ቪዲዮ ቤቱ አሞጽ ቴሌቪዥኑንና ጄኔሬተሩን አይሱዙ ላይ ጫነ፤ ሻሺቱ፣ ዳልጮና እኔም አብረን ወጣን። እኔ የሄድኩት አገሩን ለማየት ነው ብዬ ነበር።

በመንደሩ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል መስኮቱ በቡሉኮ ተሸፈነ። ዘጠኝ ሽማግሌዎች በተማሪዎች ዴስክ ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን እየነካ ተቀመጡ። አቶ ኤርጫፎን በቃሬዛ አምጥተው ከቴሌቪዥኑ ፊት አስተኟቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል። ሻሺቱ ከእነሱ ጋር መቀመጥ ስለማትችል ከበሩ ውጭ ቆመች። አሞጽ የሷን ክፍል ብቻ ሊያሳይ ሲል አቶ ኦይታ ከለከሉት። ነገር ከመሐል አይሰማም አሉ። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃውን በሙሉ አዩ። የተኩሱን ነገር አልወደዱትም፤ ስለ ፈረሶቹ ግን ብዙ ተከራከሩ። ያ ቀዩ የኋላ እግሩን ያመዋል፣ የተቀመጠበት ሰው ደግሞ አያውቅም አሉ።

ሲያልቅ አንዱ ሽማግሌ «አልጮኸችም። ጎሜ የለባትም» አሉ።

«አልጮኸችም» አሉ አቶ ኦይታ። «ግን ይህ ጨዋታ አይደለም። ሐዘን ነው። እኔ ሐዘን አውቃለሁ። ባሏ ደግሞ ያው ተቀምጧል።»

«ተቀምጫለሁ» አለ ዳልጮ እጁን አውጥቶ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። አቶ ኦይታ አልሳቁም።

«የራሷ ካልሆነ የሌላ ሰው ነው። የሰውን ሐዘን ሳይፈቅድ ወስዶ አደባባይ ማውጣት ከጩኸቱ ይብሳል። ልጄ፣ ከየት አመጣሽው?»

ሻሺቱ ከደጅ ሆና መሬት መሬት አየች።

«ባለቤቱ ፈቅዶልሻል?»

ዝም።

«ለሦስተኛ ጊዜ ልጠይቅሽ ነው። ካልተናገርሽ ሌላ የምንለው የለንም።»

አቶ ኤርጫፎ ከቃሬዛው ላይ አንገታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ከአባቷ የሚለያት አራት እርምጃ ነው። እኔ ከበሩ ጎን ነበርኩ፤ ፊቷ በደንብ ይታየኛል። ወደ እኔ አንድ ጊዜ እንኳ አላየችም። ዓይኗ አልሸሸም፣ ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም። ያን ፊት ያየ ሰው ክፍሉ ውስጥ የምትከላከልለት ሰው አለ ብሎ አይጠረጥርም። በሰባቱም ፊልሞች ውስጥ እንደዚያ ያለ ነገር አልሠራችም።

ተነሳሁ። ጋሞኛ ደህና አድርጌ እሰማለሁ፤ ስናገር ግን ተማሪዎቼ ይስቁብኛል። በዚያው በሚያስቀው ጋሞኛዬ ተናገርኩ።

«የእኔ ነው። ባሌ ይፍሩ የሞተ ዕለት የሆነ ነው። ማንም እንዳይሰማ ብዬ የከለከልኳት እኔ ነኝ።»

አቶ ኦይታ ትክ ብለው አዩኝ። «ሰጥተሻታል?»

«ሰጥቻታለሁ።»

«ዛሬስ ትሰጫታለሽ? አይተሽዋል፤ ሰውም አይቶታል።»

ይህን ጥያቄ አልጠበቅሁም። ቪዲዮ ቤት ውስጥ ሽምብራውን እንደያዘ የቀረውን ሰውዬ አስታወስኩ። «ዛሬም» አልኩ። «እኔ ከያዝኩት ይልቅ እሷ በተሻለ ይዛዋለች።»

ሽማግሌዎቹ ለጥቂት ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተነጋገሩ። ከዚያ አቶ ኦይታ እርጥብ ሣር አስመጡ፤ መረቋት፤ «ግቢ» አሏት። ሻሺቱ ገብታ አባቷ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። በአጠገቤ ስታልፍ ትከሻዬን በትከሻዋ ነካ አድርጋ አለፈች፤ ሌላ ነገር አላለችኝም፤ እኔም አልፈለግሁም።

አቶ ኤርጫፎ አስለው እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው።

«ኮርቻውን በቀኝ በኩል ነው ያወረድሽው» አሏት።

«ካሜራው በግራ ነበር፣ አባ።»

«ፈረስ ስለ ካሜራ ምን ያውቃል? በቀኝ የመጣበትን ሰው ይራገጣል።»

«ሦስት ቀን አለማመድኩት።»

አባቷ ይህን ሲሰሙ በክርናቸው ቀና ለማለት ሞከሩ፤ ዳልጮ ከኋላ ደገፋቸው። «በሦስት ቀን?» አሉ ለአቶ ኦይታ ጭምር እንዲሰማ። «መልሱትና አሳዩኝ።»

አሞጽ መልሶ ሲያመጣው ቦታውን ስቶ ከተኩሱ ላይ አረፈ። ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። እንደገና ሞከረ፤ አለፈው። ሻሺቱ ተነሳችና «ትንሽ ወደ ኋላ፣ አሁን ተወው፣ ይመጣል» እያለች ከስክሪኑ ጎን ቆመች። ፈረሱ ብቅ ሲል ልጓሙን የያዘችበትን እጅ በጣቷ ለአባቷ አሳየቻቸው።